የመኪና ግርግሩ ሱቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት በመኪና ግርግር መንገድ ከአያታችን የወረስነው ሱቅ አለን። ታቹ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ፣ ፊቱ የእንጨት በረንዳ ነው፤ «የህንድ ቤት» የሚባለው ዓይነት። የግድግዳው ሥር እየረጠበ ልስኑ ይረግፋል። ወንድሜ በሲሚንቶ እንለስነው፣ አያታችን ጨርቅ የሚለኩበት የክንድ ምልክት ያለበትን የሳንቃ በርም ሌባ ስለሚደፍረው በብረት እንቀይረው ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ሲሚንቶውን ገዝቶ ከሆነ ለሌላ ሥራ ያውለው። ግድግዳችሁ ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃ የጠጣውን ውኃ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል፤ ሲሚንቶ ከለበሰ ግን ከመሬት የወጣው ርጥበት መውጫ ያጣና ድንጋዩን የያዘውን ጭቃ ያላላዋል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በጎረምሳነቴ የእናቴን ማድቤት በሲሚንቶ ለስኜ ሠፈሩ አድንቆኝ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ልስኑ እንዳለ ተላቆ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ በጣት ይዛቅ ነበር። እናቴ እስክታርፍ ድረስ «መሐንዲሱ» እያለች ስትጠራኝ ኖረች።

መጀመሪያ ጣሪያውንና አሸንዳውን እዩ። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሡ፤ ውኃው ከቤቱ ይሽሽ። ግድግዳው በደንብ ሲደርቅ በጭድ የቦካ ጭቃ ለስኑት፣ ላዩን ኖራ ቀቡት። ከበረንዳው ምሰሶ የበሰበሰው እግር ብቻ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጠል።

እነዚህን በረንዳዎች ለጀጎል ያመጡላት የህንድ ነጋዴዎች ናቸው። ሐረር በኖረው በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም «ራምቦ ቤት» የሚባለውም የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው የሞተው ቤቱ ሳይሠራ ነው፣ ስሙን ግን ማን ያስለቅቀዋል! ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እነዚህንም ቤቶች ቆጥሮ ነው።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ክልሉ ቅርስ ቢሮ ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ቅድመ ፈቃድ መጠገን ይከለክላል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችልም ይላል። «ሊረዳ ይችላል» ማለት «ይረዳል» ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ማመልከቻ የሚፈጀው ወረቀት ነው።

ለሌባው የብረት መዝጊያውን ከሳንቃው በስተውስጥ ግጠሙት፤ ማታ ማታ ይቆለፍ። አናጢው ግን ሳንቃውን አስተካክላለሁ ብሎ እንዳይልገው፤ የአያታችሁ ክንድ አብሮ ይሄዳል።