መልስ፦ ሌሊት ብቻ የሚወድቀው ቴስት

ሰላም ወንድሜ። የጃቫ ኮድህ የደንበኛው ክፍያ ማብቃቱን የሚያየው «ሎካልዴት ናው»ን (የዛሬውን ቀን ከማሽኑ የሚያመጣ ትእዛዝ) ጠርቶ ነው፤ ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትነው ኮድ) የአዲስ አበባን ቀን ይጠብቃል፤ ቀን ቀን ያልፋል፣ ሌሊት ግን ሰርቨሩ ላይ ይወድቃል ብለሃል።

ሰርቨርህ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እየሠራ ይመስለኛል፤ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እዚህ አዲስ ቀን ገብቷል፣ ሰርቨሩ ግን ገና ትናንት ላይ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ዞን ኮዱ ውስጥ በግልጽ ጻፈው።

ዋናው መፍትሔ ግን ኮድህ ሰዓቱን ራሱ ከማሽኑ እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ከጃቫ 8 ጀምሮ ሰዓቱን የሚነግር «ክሎክ» የሚባል ክላስ አለ። በኮንስትራክተር (የራስህ ክላስ ሲፈጠር በሚጠራው ክፍል) ተቀበለውና «ናው»ን ስትጠራ እሱን አሳልፍለት። ፕሮዳክሽን ላይ (ደንበኞች በሚጠቀሙበት እውነተኛው ሥራ) የሲስተሙን ክሎክ ትሰጠዋለህ። ቴስት ላይ «ክሎክ ፊክስድ»ን ስጠው፤ ያ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ክፍያው የሚያበቃበትን ቀን፣ ማግስቱን፣ ፌብሩዋሪ 29ን፣ ቴስቱ ከሚወድቅባቸው ሰዓታት አንዷን፣ የሌሊት 8 ሰዓትንም ጭምር በፈለግህ ጊዜ ትፈትናለህ።

በሞኪቶ (ለቴስት የሚሆን የጃቫ መሣሪያ) ስታቲክ ሜተዱን፣ ማለትም «ናው»ን፣ ሞክ አድርገው (በሐሰተኛ ምትክ ተካው) የሚሉህ ይኖራሉ። ይሠራል፣ ግን አልመክርህም፤ ኮዱ በሰዓት ላይ ያለው ጥገኝነት እንደተደበቀ ይቀራል። ሊነካ የማይችል አሮጌ ኮድ ከሆነ ብቻ ተጠቀምበት።