ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ መንጠቆው የት ይዋል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለ ወራጅ ውሃ ዓሣ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። የዚህ እትም ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው።

ከባሕር ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። በውጭ አገር «ስቲልሄድ» እና «ትራውት» የሚባሉ ዓሦችን በበጋ መጨረሻ በላባ በተሸፈነ መንጠቆ ከወንዝ ሲያወጡ በቪዲዮ አያለሁ። ጎጃም ውስጥ እነዚህ ዓሦች ያሉበት ወንዝ አለ? ከሌለስ በዚያው ዘዴ ነጭ ዓሣ ይያዛል?

መልስ፦ ስቲልሄድን ጎጃም ውስጥ አይፈልጉት። ስቲልሄድ ማለት ባሕር ወርዶ፣ አድጎ፣ ወደተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ቀስተ ደመና ትራውት ነው፤ አገሩም ሰላማዊ ውቅያኖስን ተከትሎ ያለው የሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ነው። ትራውት ግን ወደ አገራችን ገብቷል። በ1960ዎቹ ግድም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ባሌ ነው፤ ዌብን በመሰሉ የደጋ ወንዞች እስካሁን ይገኛል። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። የጣናና የዓባይ መውጫ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነው።

ዘዴው ግን ለነጭ ዓሣ በሚገባ ይሠራል። የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ከ15 የሚበልጡ ትልልቅ ዓይነቶች አሉት፣ ብዙዎቹም ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ከጢስ ዓባይ በላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ዓባይ በፏፏቴው ስለተቆረጠ ነው እዚያው በዝተው የተለያዩት። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። አንደኛው አካሉ ትራውት ስለሚመስል ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ «ትራውት መሰል» ማለት ነው። አሳዳጅ ዓሣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ላባ ሲያይ አይታገሥም።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱ እንፈልጋለን። በእነሱ አገር የበጋ የሚባለው ስቲልሄድ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዝ ይገባና እንቁላሉን የሚጥለው ከወራት በኋላ፣ በእነሱ የብርድ ወራትና ከዚያ በሚከተለው ጸደይ ነው። አጥማጆቹ የሚያገኙት ገና ወራት የቀሩትን ዓሣ ነው። የእኛ ነጭ ዓሣ ወንዝ የሚገባው ግን እዚያው ወዲያው ሊወልድ ነው። ዘዴውን ከነሱ ይውሰዱ፤ ወቅቱንና ቦታውን ግን አይውሰዱ።

ከመራዊ፦ ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ ከጣና ተነሥቶ በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይግተለተላል። ወንዙ አፍ ላይ እንደ አሸን የፈላ ነው። በመንጠቆ አንድ በአንድ ማውጣት ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። እንደ አሸን የፈላ የሚመስለው ከሰፊው ሐይቅ ተሰብስቦ አንድ ጠባብ በር ላይ ስለቆመ ነው። ነጭ ዓሣ ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ አፍ ላይ ይከማቻል፤ ጎርፉ ሲያይል ሽቅብ ወጥቶ ጠጠርማና ንጹሕ ውሃ ባላቸው ገባር ጅረቶች ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይህ ጉዞ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የምትያዝ አንዲት እናት የብዙ ሺህ እንቁላል ተሸካሚ ናት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ከገቡ በኋላ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ተለመደ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት በምርምር መረብ የሚያዘው የትልልቅ ነጭ ዓሣ ክብደት በሦስት አራተኛ ወረደ፤ የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። አዋቂው መቀነሱ ያሳዝናል፤ ጫጩቱ መጥፋቱ ግን ከዚያ ይከፋል፣ የነገ ዓሣ የለም ማለት ነውና። ቀረሶ ሐይቁ ዳር ስለሚወልድ ይህን ያህል አልተጎዳም። ነጭ ዓሣን ያስጠቃው መንገዱ አንድ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ግልገል ዓባይንና ገባሮቹን፣ ቆጋንም ጨምሮ፣ ይተውአቸው። በእነዚህ ወራት መንጠቆ መጣል የሚሻለው ከሐይቁ መውጫ በታች ዓባይ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሆዷ ያበጠ ወይም ሲነኳት እንቁላል የምታፈስስ ዓሣ ከተያዘች ወዲያው ትመለስ። ለሽያጭ የሚያጠምዱ ከሆነ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ከእንጅባራ፦ የፋብሪካው ዘንግ ዋጋው አይቀመስም። እኛ አገር ቀርከሃ ሞልቷል። ከቀርከሃ የሚሆን ነገር መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ለወንዝ ደግሞ ከምናውቃቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። የክር መጠቅለያ የሌለው፣ ክሩ ጫፉ ላይ የታሰረ ረጅም ዘንግ ይሥሩ።

የሚቆረጠው ሦስት ዓመት የሞላው ቀርከሃ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ገና ልባሱን ያልጣለና ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። የበሰለው ልባሱ ረግፎ፣ አረንጓዴው ደብዝዞ፣ ላዩ ላይ ነጫጭ ሽበት የጀመረው ነው፤ በጣት ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የደጋ ቀርከሃ ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ለዘንግ የሚሆነው የላይኛው 4 ሜትር ነው፦ መያዣው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጫፉ እንደ እርሳስ ቀጥኖ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወቅቱ ነው። አሁን በዝናቡ የተቆረጠ ቀርከሃ ውሃና ስኳር የተሞላ ስለሆነ ነቀዝ ይበላዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ይቁረጡ። ቅርንጫፉን ከአንጓው ጋር አስተካክለው ይመልምሉ፤ አንጓውን ራሱን አይላጩ፣ ጥንካሬው እዚያ ነው። ከጫፉ በኩል ገመድ አስረው፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥለው፣ ፀሐይ በማያገኘው ጣሪያ ሥር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይስቀሉት። ፀሐይ ላይ የደረቀ በአንድ ጎኑ ይጎብጣል። የቀረውን ጠማማ ቦታ ፍም ላይ እያዟዟሩ ያሙቁ፤ ላዩ ሲያብረቀርቅ በጉልበትዎ ቀስ ብለው ያቅኑትና እስኪቀዘቅዝ እንደያዙት ይቆዩ። ቢጫው ወደ ቡኒ ከተለወጠ ተቃጥሏል፣ በዚያ ቦታ ይሰበራል። ለዚህ ዓመት ከፈለጉ ግን የቀርከሃ ወንበር ከሚሠሩት ዘንድ የደረቀ ቀጭን ይፈልጉ።

ጫፉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የጫማ ክር አጥፈው በስፌት ክር ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሉ፣ በሙጫ ይለብጡት። በዚያ ላይ የሚታሰረው የናይለን ክር ወደ መንጠቆው እየቀጠነ ይሂድ፦ 1.5 ሜትር የ0.50 ሚሊ ሜትር፣ 1.5 ሜትር የ0.40፣ 1 ሜትር የ0.30፣ መጨረሻው 80 ሳንቲ ሜትር የ0.25። ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጭን የሆነ ክር የውርወራውን ኃይል አያደርስም፤ መንጠቆው ተጠቅልሎ እራስዎ ፊት ይወድቃል። የመጨረሻው ክር ከሁሉ ደካማ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ትልቅ ዓሣ ቢበረታ የሚበጠሰው መንጠቆው አጠገብ ይሁን እንጂ ዓሣው 4.8 ሜትር ክር እየጎተተ እንዳይሄድ።

የፋብሪካ ዘንግ የሚገዙ ካሉ 2.7 ሜትር የሆነ ቁጥር 6 ወይም 7 (ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያሳያል)፣ ከሚንሳፈፍ ክር ጋር ይበቃል።

ከዳንግላ፦ የላባውን መንጠቆ ከምን እንሥራው? ስንት ዓይነትስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሦስት ይበቃሉ።

ለአሳዳጁ ዓሣ ነጭ ይሥሩ። ረዘም ያለ ቁጥር 6 መንጠቆ ይውሰዱና ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 12 ዙር ይጠምጥሙበት፤ የሚያሰጥመው ይህ ነው። ከመንጠቆው ዓይን ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ትተው ነጭ የፍየል ጠጉር በክር ይሰሩ፤ መጠኑ የክብሪት እንጨት ያህል፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ጠጉር ማብዛት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ ይሽከረከራል፣ ክሩንም ያጠማዝዛል። ጠጉሩ በጣም ከረዘመ ደግሞ ዓሣው ጭራውን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ያችን 3 ሚሊ ሜትር ካልተዉ ቋጠሮ የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል።

ከውሃው ወለል ምግብ ለሚለቅመው ዓሣ ቁጥር 10 መንጠቆ ላይ ከአሮጌ ባና የተመዘዘ ቡናማ የሱፍ ክር ከኋላ ቀጭን፣ ከፊት ወፈር አድርገው ይጠምጥሙ፤ በላዩ መዳብ ሽቦ አራት ወይም አምስት ጊዜ አራርቀው ያዙሩ። ከድንጋይ ሥር የሚገኘውን የውሃ ትል ይመስላል። ከፊት የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ሁለት ዙር፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ።

ሦስተኛው ፌንጣ ነው። መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲረዝም ፌንጣ ከዳር እየዘለለ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል 2.5 ሳንቲ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር ቆርጠው ቁጥር 8 መንጠቆ ላይ ይሰሩት። ይንሳፈፋል፣ ሲወሰድም በዓይን ይታያል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ውሃው መቼ ነው ለዚህ ዓይነት ማጥመድ የሚሆነው? ዓሣውስ የት ይቆማል?

መልስ፦ በዓይኑ የሚያድን ዓሣ የማያየውን አይነክስም። በትር ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው ውሃ ውስጥ ይንከሩ። እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከታየ ውሃው ደርሷል፤ 20 ላይ ከጠፋ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። እንደ ብርና ተምጫ ያሉ ወንዞች ትናንት ከዘነበ ዛሬ ቡና ይመስላሉ፣ ዝናቡ ሲቆም ግን ቶሎ ይጠራሉ፤ እነሱን ከመስቀል በኋላ ይጠብቋቸው፣ ሆዷ ያበጠች ዓሣንም እዚያ ይመልሱ። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ደለሉን ጣና ላይ ጥሎ ስለሚመጣ ከገባሮቹ ቀድሞ የሚጠራ ነው። ነገር ግን የጣና ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው መስከረም መጨረሻ ግድም ነውና መሐሉ ኃይለኛ ነው፤ ዳር ዳሩን ብቻ ይሥሩ። ጣና መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በር ሲከፈትም ውሃው ይነሣል። ሲደርሱ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት ያድርጉ፤ ድንጋዩ ከተዋጠ ይውጡ።

ዓሣው ፈጣኑና ቀርፋፋው ውሃ የሚገናኙበት መሥመር ላይ፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከኩሬው ጭራ ላይ ይቆማል። ፈጣኑ ምግብ ያመጣለታል፣ ቀርፋፋው ያሳርፈዋል። ነጩን መንጠቆ ወደ ማዶ አግድም ሳይሆን ወደ ታች ሰያፍ አድርገው ይጣሉት፤ ክሩ ተወጥሮ መንጠቆው በግማሽ ክብ እየዞረ ወደ እርስዎ ዳር ይምጣ። ስቲልሄድ የሚያጠምዱት እንዲሁ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ታች ይሂዱና ይድገሙት። ቡናማውን ግን በተቃራኒው ሽቅብ ይጣሉትና ክሩን ከውሃው በላይ እንደያዙ ከጅረቱ ጋር እኩል ይውረድ። ክሩ ውሃ ላይ ከተኛ ጅረቱ ይጎትተዋል፤ መንጠቆውም ትል ሊሄድ በማይችለው ፍጥነት ይሮጣል። ዓሣው ይህን ያውቃል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይነክሳል፣ ትንሽ ይታገላል፣ ያመልጣል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሦስት አንዱ ነው። መንጠቆው ደንዝዟል፦ በጣትዎ ጥፍር ላይ ሲያስቀምጡት ከተንሸራተተ በጥሩ ሞረድ ይሞርዱት። ወይም ቋጠሮው ይፈታል፦ ክሩን በዓይኑ አሳልፈው በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ይጠምጥሙ፣ ጫፉን በመጀመሪያው ቀለበት መልሰው ያስገቡ፣ ከመሳብዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። ሦስተኛው ችኮላ ነው። የነጭ ዓሣ ከንፈር ወፍራምና ሥጋማ ስለሆነ መንጠቆ ይይዛል፤ ግን ዘንጉን በክንድ ሲገፉት ይቀደዳል። የእጅዎን አንጓ ብቻ ቀና ያድርጉ። ከዚያ ዘንጉ ይጎብጥ፣ ይጠብቁት፤ ዓሣው ወደ ታች ሲሮጥ እርስዎም ዳር ዳሩን ይከተሉት።

የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ይጫኑት። ክሩ እስካልላላ አያመልጥም፤ የሚመልሱትንም ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ በረጠበ እጅ፣ ሳይጨምቁ መልቀቅ ይችላሉ። ራሱን ወደ ጅረቱ አዙረው፣ በራሱ ጉልበት እስኪሄድ ይያዙት።

ከባሕር ዳር ሌላ አንባቢ፦ እግር ነክሮ መቆም ያሰጋል?

መልስ፦ አዎን። ጣናና አካባቢው ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከሁሉ የሚበዛውም ከረፋድ እስከ ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ ነው። ከዳር ይጣሉ ወይም ረጅም የጎማ ቦት ያድርጉ። ከነከሩ ምርመራው ወዲያው አይታይም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መውጫው ላይ ጉማሬ አለ። ማለዳና ምሽት ሣር ሊግጥ ይወጣልና በእሱና በውሃው መካከል ፈጽሞ አይቁሙ። ወደ ዓባይ በረሃ ከወረዱ ደግሞ አዞ አለ።

ከቡሬ፦ በብርብራ የተያዘ ዓሣ እና በመንጠቆ የተያዘ ምን ለያቸው?

መልስ፦ በብርብራ ዛፍ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ የዓሣው አካል አየር እንዳይጠቀም ያደርጋል። የሚፈልጉትን ትልቁን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ጫጩቱን፣ ዓሣው የሚበላውን የውሃ ትልም አብሮ ይጨርሳል። ያ ጅረት ለወራት ባዶ ይሆናል። በመንጠቆ የተያዘው ግን አንድ ነው፤ እሱንም አይተው መመለስ ይቻላል።