ያልመዘንኳት አውሮፕላን

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ አዘዞ መጥተህ «ጋሼ፣ በጀመርኳት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ላይ ካሰብኩት የሚበልጥ ሞተር ብጭንባት ምን ይላሉ?» ስትለኝ ወሬውን ወደ ቡናው ያዞርኩት ጥያቄህ ስላልገባኝ አልነበረም። መልሱን ለጓደኞችህም አንብብላቸው።

አሜሪካ በአውሮፕላን ጥገና በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ባልደረባዬ በጋራዡ ውስጥ ስምንት ዓመት ደክሞ የሠራት ድርብ ክንፍ ነበረችው። ክንፎቿን ሸራ ስናለብስ የቀለሙ ሽታ ልብሳችን ላይ ሳምንት ይቆይ ነበር፤ ዛሬም ይሸተኛል። ባለ 85 የፈረስ ጉልበት ሞተሯን አውጥተን ባለ 125 አስገባንላት። አዲሱ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይበልጣል። አፍንጫዋ እንዳይከብድ ባትሪውን ወደ ጅራቷ ወሰድኩት። «ሚዛን ላይ እናውጣት?» አለኝ። «አያስፈልግም፤ ዓይኔ ይበቃል» አልኩት። አባቴ ከደምቢያ ጤፍ በበቅሎ ሲያመጣ፣ ጭነቱ ካዘነበለ በቀለለው በኩል ድንጋይ ጨምሮ ያስተካክል ነበር። ያን እያየሁ ስላደግሁ ሚዛን በደሜ ያለ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው በረራ ሊያርፍ ፍጥነቷን ሲቀንስ፣ መሪውን እስከ ሆዱ ቢስበውም አፍንጫዋ ቀና አልል አለ። የፊት ጎማዎቿ መሬቱን መቱ፤ ነጠረች፤ በአፍንጫዋ ተተክላ ተገለበጠች። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ስጠይቀው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘግይቼ ሳብኩት» አለኝ።

ያን ማታ ሁለቱን ሞተሮችና ባትሪውን መዝኜ ከቀድሞ የሚዛን መዝገቧ ጋር አሰላሁ። የክብደት ማዕከሏ፣ ማለት ክብደቷ ሁሉ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ ከተፈቀደው ወሰን ወደ ፊት አልፎ ነበር። አልነገርኩትም። አውሮፕላኗን ሸጠ፤ ዳግም አላበረረም። ወደ አገሬ ስመለስ የሸኘኝ እሱ ነው፤ ያኔም አልነገርኩትም። አሁን በሕይወት የለም።

ስለ ፈቃድና ስለ ቀበቶ አልጽፍልህም፤ ታውቀዋለህ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው አውሮፕላን ፀሐይ በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ከተመለሰች ወዲህ የእናንተ ድፍረት ጨምሯል፤ ደስ ይለኛል። ግን የዛሬ ልጆች ቁጥር በደብተር መጻፍ ትታችኋል፤ ሁሉን ስልክ ላይ አይታችሁ ታልፋላችሁ። ይህ ያስፈራኛል።

ትልቅ ሞተር አትጫን ልልህ ነበር ብዕር ያነሣሁት። አሁን ሳስበው ግን አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። የድርብ ክንፍ ሽቦዎችና ምሰሶዎች ደግሞ አየሩን እየተጋፉ ወደ ኋላ ይጎትቷታል። ስለዚህ ጫንባት። ከዚያ ጅራቷን አንሥተህ እንደምትበርር አድርገህ አስተካክላት፤ በየጎማዋ ሥር ሚዛን አኑር። እያንዳንዱን ክብደት ከአንድ መነሻ ነጥብ ባለው ርቀት አባዛ፤ ድምሩን ለጠቅላላው ክብደት አካፍል፤ የሚወጣው የክብደት ማዕከሏ ነው። ቤንዚኑ ሲሞላም ሲያልቅም አስላው።

ሦስት ሚዛን ከቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴዎች እዋስልሃለሁ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ፤ ጅራቷን እኔ እይዝልሃለሁ።