ጀርመን ያለው አጎትሽ ስለነገረሽ ፈተና

የደብረ ብርሃኗ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሥረኛ ክፍል ነሽ። ባዮሎጂ 93፣ ኬሚስትሪ 86። ፊዚክስ በመጀመሪያው ሴሚስተር 84 ነበር፣ በሁለተኛው 67 ሆነ። ልብሽ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ላይ ነው። ይሄኔ ጀርመን ያለው አጎትሽ ደወለና «በዓለም አቀፍ ፈተና እንኳን ሴቶች በሳይንስ ከወንዶች ያንሳሉ፣ ምን ያለፋሻል፣ ሶሻል ግቢና ሕግ ተማሪ» አለሽ። አንቺም «እውነቱን ነው እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አይደለም። ግን ዝም ብሎ ከሜዳ ተነስቶም አላወራም።

የልጆችን የንባብ፣ የሒሳብና የሳይንስ ችሎታ የሚለካ ፒሳ የሚባል ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በየሦስት ዓመቱ ሲሰጥ የቆየ ነው፤ በኮሮና ምክንያት አንዴ ወደ 2022 ተገፍቷል። የሚፈተኑት የ15 ዓመት ልጆች ናቸው፣ ያንቺው እኩዮች ማለት ነው። በ2015 ዋናው ትምህርት ሳይንስ ነበር። ያኔ ፈተናውን በሚያዘጋጀው፣ ኦኢሲዲ በሚባለው የአገሮች ድርጅት አባል አገሮች ወንዶቹ በአማካይ በ4 ነጥብ በለጡ። አማካዩ 500 አካባቢ በሆነ መለኪያ 4 ነጥብ! ጀርመን ላይ ልዩነቱ ሰፋ ብሎ 10 ነጥብ ያህል ደርሶ ነበር፣ አጎትሽ የሰማውም ይህንኑ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልተከታተለም። በ2018 ጀርመን ውስጥ ልዩነቱ ጠፋ፤ በአባል አገሮቹ አማካይ ደግሞ ሴቶቹ በ2 ነጥብ ቀደሙ። በ2022 ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በሒሳብ ወንዶቹ አሁንም ትንሽ ይመራሉ፣ በንባብ ደግሞ ሴቶቹ በሰፊው።

እዚያው 2015 ላይ ፊንላንድን ብታዪ በሳይንስ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ ወንዶቹን በ39 ነጥብ ጥለዋቸው ሄደዋል። ታዲያ ተፈጥሮ ነው ከተባለ ተፈጥሮ ዮርዳኖስ ሲደርስ ይገለበጣል እንዴ? በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ፒሳን ስለማትፈተን፣ ፈተናው ስለ ደብረ ብርሃን ልጅ ምንም አላለም።

ክፍተት የለም እያልኩሽ ግን አይደለም። ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2018 በሒሳብ ወይም በሳይንስ ጎበዝ የሆኑትን ልጆች «በ30 ዓመታችሁ ምን ትሆናላችሁ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከመቶ ወንዶች 26ቱ መሐንዲስ ወይም የሳይንስ ባለሙያ አሉ። ከሴቶቹ 14 ብቻ። ልብ በይ፣ እነዚህ ሁሉም ጎበዞች ናቸው። ሴቶቹ በብዛት ያዘነበሉት ወደ ሕክምናው ነው፣ እሱም ጥሩ ሙያ ነው፣ ፈልገሽው ከሆነ። በዚያው ዓመት የታየ ሌላም ነገር አለ፤ በሁሉም አገር ማለት ይቻላል ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ መውደቅን ይፈራሉ።

ይህን ፍርሃት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ፊዚክስ አልገባ አለኝ» ብላ የፈተና ወረቀቷን ይዛልኝ መጣች። አንዱ ጥያቄ ላይ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ወደ መስኮቱ ዞሬ በብርሃን ሳየው ከሥሩ የተጻፈው መልስ ይታያል። ትክክል ነበር! አጥፍታ ሌላ አክብባለች። ለምን ስላት «አጠገቤ ያለው ልጅ ሌላ ሲያከብ አየሁ» አለችኝ። እሱ ስንት አገኘ? «ከእኔ በታች።» ሁለታችንም ሳቅን፣ እሷ ግን ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚያ ወረቀት ላይ እንደዚያ ያጠፋቻቸው ትክክለኛ መልሶች ሦስት ነበሩ።

ስለዚህ ወደ 67ሽ እንምጣ። የሁለተኛውን ሴሚስተር የፈተና ወረቀቶች አውጪና የሳትሻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለዪ። ያልገባሽ የትኛው ነው፣ ስሌት የተሳሳትሽበትስ፣ አውቀሽው ያጠፋሽውስ? ያልገባሽ አንድ ምዕራፍ ብቻ ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም፤ ብዙ ጊዜ አስተማሪ ሲቀየር ወይም አንድ ሁለት ሳምንት ሲያመልጥ እንዲህ ይሆናል። እሱን ክረምት ላይ ትጨርሽዋለሽ። በአንድ ሴሚስተር ውጤት ግን መስመር አይቀየርም።

ምርጫውን በተመለከተ ናቹራል ግቢ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ናቹራል ስትገቢ ጤናውም ኢንጂነሪንጉም ክፍት ነው፣ ዲፓርትመንት የምትመርጪውም ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ በኋላ ነው። አሁን ሶሻል ከገባሽ ኤሌክትሪካል ያኔውኑ ተዘጋ። ሕግ በጣም የምትወጂው ነገር ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሕግ የሚለው ቃል የወጣው ከአጎትሽ አፍ ብቻ ነው። 12ኛ ስትደርሺ የአዲስ አበባንና የአዳማን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም አስቢያቸው፤ የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው ቀድመሽ መዘጋጀት አለብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅሽም። ጥሩ ውጤት ብቻውን ሥራ አያስይዝም። ቅድም ያልኩሽ ዮርዳኖስ ውስጥ ሴቶቹ በፈተና እንደዚያ እየመሩ፣ ሥራ ላይ ያሉት ወይም ሥራ የሚፈልጉት ሴቶች ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ናቸው። እኛም ጋ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሞልቷል፣ ሐኪምም ሕግ ተመራቂም እንዲሁ። እኔ የማያቸው ቶሎ ሥራ የሚያገኙት ተማሪ ሆነው እጃቸውን ያፍታቱት ናቸው፤ ኤሌክትሪሺያን ጋ እየሄዱ መስመር ሲዘረጉ የዋሉ፣ የተበላሸ ሬዲዮ የፈቱ፣ ኮድ የሞከሩ። ክረምቱን ሙሉ ፊዚክስ ብቻ እንዳታጠኚ የምልሽ ለዚህ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ካለ በሳምንት ሁለት ቀን አጠገቡ ቁጭ በይ። ቤተሰብ ካሳሰበው ታናሽ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ።

ከአጎትሽ ጋር አትጣዪ፣ ወዶሽ ነው። ሲደውል «ጋሼ፣ የ2018ቱን የጀርመን ውጤት አይተኸዋል?» በይው። ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት የለየሻቸውን ጥያቄዎች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።