ቅናሹ ሲያበቃ የሚጠፋ ደንበኛ

ጥያቄ፦ ጫማና ቦርሳ በችርቻሮ የምሸጥበት ሱቅ ከከፈትሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አዲስ ገዢ አጥቼ አላውቅም፤ ችግሬ አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። የ10 በመቶ ቅናሽ ሳደርግ ሱቁ ይሞላል፣ ቅናሹ ሲያበቃ ግን ሁሉም ይጠፋል። አሁን በየግዢው ማኅተም የሚመታበት የደንበኛ ካርድ ላሳትም አስቤአለሁ። ቋሚ ደንበኛ ለማፍራት ያዋጣኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቅናሹ ምን እንዳስከፈለዎ አብረን እናስላ። በ80 ገዝተው በ100 የሚሸጡት ዕቃ 20 ያተርፍልዎታል። በ10 በመቶ ቅናሽ በ90 ሲሸጡት ትርፉ ወደ 10 ስለሚወርድ፣ የቀድሞውን ያህል ለማትረፍ ሁለት እጥፍ መሸጥ ይኖርብዎታል፤ ይህም የተጨማሪውን ሥራ ድካም ሳንቆጥር ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቅናሹ ለገዢው ያስለመደው ጠባይ ነው። ዋጋ ረክሶ ያመጣው ሰው ዋጋው ሲመለስ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ቅናሽ እስኪታወጅም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ እንዲጠብቅ ያስለመዱት እርስዎ ስለሆኑ እሱን መውቀስ አይቻልም።

የካርዱ ሐሳብ ከንቱ አይደለም። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪዬ ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በአንድ መኪና ማጠቢያ ለ300 ደንበኞች ካርድ ታድሎ ነበር። ግማሾቹ የተሰጣቸው 8 ባዶ ቦታ ያለው ካርድ ነው፤ የቀሩት 10 ቦታ ኖሮት ሁለቱ አስቀድሞ የተመቱበት ካርድ ደረሳቸው። ለነጻው እጥበት የሁሉም ቀሪ 8 እጥበት ሆኖ ሳለ፣ ከፊተኞቹ 19 በመቶ፣ ከኋለኞቹ ግን 34 በመቶ የሚሆኑት ካርዳቸውን ሞሉ፤ የተጀመረ ነገር ሰውን ይስባልና። ይሁን እንጂ መኪና በየጊዜው ይቆሽሻል፣ ጫማና ቦርሳ ግን አንድ ሰው በዓመት ስንቴ ይገዛል? ዐሥር ማኅተም የሚጠይቅ ካርድ በገዢዎ ኪስ ውስጥ አርጅቶ ይቀራል። ስለዚህ ለእርስዎ ንግድ አልመክረውም። ለማሳተሚያ ያሰቡትን ገንዘብ፣ ከእርስዎ የተገዛ ጫማ ስፌቱ ቢለቅ በነጻ እንዲሰፋ ቢያውሉት፣ ገዢው በሁለት ግዢዎች መካከል እግሩን ወደ ሱቁ የሚያነሣበት ምክንያት ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከሳምንት በፊት የገዛው ጫማ ሶሉ የለቀቀበት ሰው ጫማውን በፌስታል ይዞ ሲገባ ሻጭዎ በመጀመሪያ ምን ይላል? ብዙ ሻጮች ጫማውን ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ «ውኃ አስነክተውት ነበር?» ይላሉ፤ ቀጥለውም «ደረሰኝ ይዘዋል?» ይጠይቃሉ። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ገዢው ተከሳሽ ሆኖ ቆሟል፤ አጠገቡ ቦርሳ የምትመርጠው ሴትም እየሰማች ነው። ሦስተኛው መልስ «ባለቤቱ እስኪመጡ ይጠብቁ» ከሆነ፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው የግድግዳው ጽሑፍ መሳለቂያ ይሆናል። ሻጩ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦ፣ ጫማውን እዚያው እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ከፈለጉ፣ እርስዎን ሳይጠይቅ የሚወስንበትን የገንዘብ ልክ ዛሬውኑ ይንገሩት። ደረሰኙ በኋላ ይደርሳል። በሚገባ የተካሰ ገዢ አንዳንድ ጊዜ ችግር ካልገጠመው ገዢ ይበልጥ እንደሚረካ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ያው ጉድለት በዚያው ሰው ላይ ከተደገመ ግን ሁለተኛው ይቅርታ ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ የተመለሰውን ጫማ መለወጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሶሉ የሚለቀውን ዓይነት ከአቅራቢዎ መውሰድ ማቆም ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ አንድ መዝገብ ይክፈቱ። ፈቃደኛ የሆነውን ገዢ ስም፣ ስልክና የጫማ ቁጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበትን ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደመጣና በጠቅላላው ስንት እንዳወጣ ይጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ገልጠው ሲያዩት ብዙ ጊዜ መጥቶ በድንገት የቀረው ማን እንደሆነ ይገባዎታል፤ ደውለው ምን እንዳስቀረው መጠየቅ ያለብዎት እሱን ነው። መልእክት ሲልኩም ለሁሉም አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ከመበተን ይልቅ «ባለፈው ጠይቀው ያጡት ጥቁር ጫማ በ38 ቁጥር ገብቷል» የሚል ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ መልእክት ይላኩ። ገዢው በልኩ ያልሆነ ጫማ ሲመርጥም «ይጠብብዎታል፣ አይውሰዱት» ማለትን አይፍሩ፤ የዚያን ቀኑ ሽያጭ ቢቀርብዎትም፣ ሰውየው ሌላ ቀን «ይሆንዎታል» ሲሉት ያምንዎታል።

ጥያቄ፦ የልብስ መደብር አለኝ። ጎበዝ ሻጬ ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹም አብረውት ቀሩ። ምን ባደርግ ይሻል ነበር?

መልስ፦ ደንበኞቹ የሚያውቁት መደብሩን ሳይሆን እሱን ስለነበር መከተላቸው አይገርምም። ከላይ የጠቀስሁት መዝገብ በአንድ ሻጭ ስልክ ውስጥ ሳይሆን በመደብሩ እጅ ይሁን፤ እያንዳንዱን ቋሚ ደንበኛም ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች በስሙ ይወቁት። እርስዎም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ወጥተው ያስተናግዱ። የሄዱትን በተመለከተ፣ ስለ ሻጩ ክፉ ቃል ሳይናገሩ ይደውሉላቸው፤ ቢያንስ ጥቂቶቹ ስልኩን ያነሣሉ።