በእንግሊዝ አገር ልጆቻቸው ሲክስዝ ፎርም (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት የመጨረሻ ሁለት የትምህርት ዓመታት) ለገቡ ወላጆች

ለንደን ከገባሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ለሚሆነው ጊዜ፣ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ ጥግ ተቀምጬ ለአዲስ ገብ ወላጆች ከትምህርት ቤት የሚላክላቸውን ደብዳቤ ሳነብ ኖሬአለሁ። የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል፤ ግን ስሕተቱ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም።

1. ወረቀቱ

የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ዩካስ በተባለው የማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት በኩል የሚላክ ሲሆን እስከ አምስት ምርጫ ይፈቀዳል፤ ለሕክምና፣ ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15፣ ለአብዛኛው ሌላ ትምህርት ደግሞ ጃንዋሪ ውስጥ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነት ልጃችሁ የመንግሥት ብድር ማግኘት አለማግኘቱን ስለሚወስን ይህን ከዓመት በፊት አጣሩ።

2. ገንዘቡ

በ2025/26 የትምህርት ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያስከፍሉ የሚችሉት ከፍተኛው የዓመት ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነው። ብድሩ ግን የባንክ ብድር አይደለም። ከ2023 መጸው ወዲህ የጀመረ ተማሪ የሚከፍለው ዓመታዊ ደመወዙ ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ፣ ከሚያልፈው ላይ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ በ40 ዓመት ያላለቀው ይሰረዛል። ስለዚህ ዕዳ ፈርታችሁ ለመጽሐፍ የተፈጠረችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ አታስቀሩ። ወለድ ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ግን ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው፤ ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ በ2017 በሕግ ቢፈቀድም፣ እስከ 2025 መጨረሻ ሥራ ላይ አልዋለም።

ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ከ2015 ጀምሮ ያለ ሌላ መንገድ ነው። ልጁ ይቀጠራል፣ ደመወዝ ይቀበላል፣ ከሥራ ሰዓቱ የተወሰነውን ይማራል፣ በመጨረሻም ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኛል፤ የትምህርቱን ዋጋ የሚሸፍኑት ቀጣሪውና መንግሥት ናቸው። ነገር ግን አፕረንቲስሺፕ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ደረጃ 2 ከጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ ከሚወሰደው ፈተና)፣ ደረጃ 3 ከኤ ሌቭል (በሲክስዝ ፎርም መጨረሻ ከሚወሰደው)፣ ደረጃ 6 ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር ስለሚመጣጠን ቁጥሩን ሳታዩ አትፈርሙ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ የማመልከቻ ጊዜ አለው፤ ፉክክሩም ቀላል አይደለም። ለዩኒቨርሲቲም ለአፕረንቲስሺፕም ጎን ለጎን ማመልከት ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይዘጋም።

3. ንቀታችን

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን አፕረንቲስሺፕ የሚለውን ቃል ስንሰማ በአእምሯችን የሚመጣው አገር ቤት የነበረው ቴክኒክና ሙያ ነው፤ ማትሪክ ያልመጣለት ልጅ የሚገባበት፣ እናት ለጎረቤት ለመናገር የምታፍርበት ቦታ። ሥሩም ከዚያ ይጠልቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት፣ ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን እየሰደብን በሠሩት ማረሻና ሸማ እንኖር ስለነበር ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ስድቡን በሻንጣ ይዘን ባሕር ተሻገርን።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። በ2018፣ ማርች ወር ላይ፣ ለማታ ፈረቃ የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሜን ለብሼ ጫማዬን ሳስር ትልቁ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ተቀበሉኝ» አለ። አንድ የባቡር ምልክት የሚሠራ ድርጅት ለአምስት ዓመት እየከፈለ በምሕንድስና ዲግሪ ሊያስተምረው ነበር። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለአያትህ ምን ብዬ ልንገራቸው?» መልስ የሚሰጥበት ቀን አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሴፕቴምበር እኔ የመረጥሁለትን ፋርማሲ ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ታግሎ፣ 18,500 ፓውንድ የትምህርት ክፍያ ብድር ተሸክሞ ተወው።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ትምህርቱን ከተወ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ሰው ሲጠይቀኝ «ፋርማሲ እያጠና ነው» እል ነበር። አንድ እሑድ ማኅበሩ የእኛ ቤት ተራ ደርሶ፣ እሱ መሶብ ይዞ ሲገባ ይህንኑ ስናገር ሰማኝ። መሶቡን በቀስታ አስቀመጠ፣ እንግዶቹን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ወጣ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሥራን በደረጃ 3 አፕረንቲስሺፕ ተምሮ ጨርሷል። የጀመረው ግን ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ጋር፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ያ የባከነ ጊዜ የእሱ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው።

ስለዚህ በየለቅሶውና በየሠርጉ «የእገሌ ልጅ ዶክተር ሆነች» ስትሉ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን እንደሚሰማ አስቡ። ዶክተር መሆን የምትፈልግ ልጅ ካለቻችሁ ደግፏት፤ ግን መንገዱን እወቁት። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በኤ ሌቭል ኬሚስትሪ ይጠይቃሉ። ኬሚስትሪ ያልያዘች ልጇን ሁለት ዓመት ሙሉ «ዶክተሬ» እያለች የጠራች እናት አውቃለሁ፤ ልጅቱ እውነቱን ለመናገር ፈርታ ማመልከቻው እስኪዘጋ ዝም አለች።

4. ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ

አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን በጠራበት ምሽት፣ ለትንሿ ልጄ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። መምህሩ ልጁ በሒሳብ ወደ ኋላ መቅረቱን ሲናገር ልጁ «ጎበዝ ነህ እያለኝ ነው» ብሎ ተረጎመ። እናቲቱ ተነሥተው መምህሩን አመሰገኑ። ልጁ አልዋሸም ማለቴ አይደለም፤ ፍርዱን ለራሱ እንዲያነብ የተገደደ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን እንዲያደርግ ትጠብቃላችሁ?

አስቀድማችሁ ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሌለ ቋንቋ የሚችል ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። የሥራ አማካሪው ልጃችሁን መቼ እንደሚያነጋግር፣ የተገመተለት ውጤት ምን እንደሆነ፣ የያዛቸው ትምህርቶች የትኞቹን ሙያዎች እንደሚዘጉበት ጠይቁ። የሌሊት ፈረቃ አለብኝ አትበሉኝ። እኔም አለብኝ እያልሁ በትልቁ ልጄ ሁለት የሲክስዝ ፎርም ዓመታት ውስጥ አንድም ጊዜ አልሄድሁም። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ የባቡር ምልክቶችን በደብተር ይሥል እንደነበር ከእናቱ የሰማሁት፣ ፋርማሲውን ከተወ በኋላ ነው።