ደብረ ሊባኖስ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ

ጥያቄ፦ በጥቅምት ከእናቴ ጋር ለሠርግ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በምትተርፈን አንዲት ቀን ደብረ ሊባኖስን ተሳልመን፣ ገደሉንና የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን አይተን መመለስ እንችላለን? እናቴን ጉልበቷን ያማታል። (ከአንድ አንባቢ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ትችላላችሁ። ገዳሙ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ሲነጋጋ ከተነሣችሁ ረፋድ ላይ ትደርሳላችሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱትና መነኮሳቱ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ከዚያ ተወስደው የተረሸኑበት ገዳም ስለሆነ፣ ከቀኑ ሰፋ ያለውን ሰዓት ለገዳሙ ይስጡት። ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ዳገት ስላለው እርስዎ ብቻዎን ይውጡ፤ እናትዎ ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቢቆዩ ይሻላል። ወር በገባ በ24 ምእመኑ ስለሚበዛ ሌላ ቀን ብትመርጡ እመክራለሁ፤ እናትዎ «በዕለቱ ካልሆነ» ካሉ ግን ክርክሩን የሚያሸንፉ አይመስለኝም።

ድልድዩ ወደ ገዳሙ ከሚወስደው መገንጠያ ብዙም አይርቅም። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ፖርቱጋሎች ከሄዱ ከረጅም ዘመን በኋላ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ውኃው ከሥሩ አልፎ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ታገኟቸው ይሆናል፤ ሐረር ላይ ሰው ጅብ ሲያበላ ማየት ለምደናል ብላችሁ ግን ምግብ እንዳትዘረጉላቸው። የደጋው ጧት የድሬን ሰው ያንቀጠቅጣልና ከነጠላው በተጨማሪ ጋቢ ያዙ።